የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲጎዳ የሚያሳያቸው ምልክቶችና የባለቤቱ ኃላፊነት

ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ ሳይመረምር ገንዘቡን አይሰጥም። ቡናውን በመዳፉ አፍሶ ያየዋል፤ ቅቤውን ያሸተዋል፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን አቅርቦ ድርና ማጉን ይመለከታል። ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነው ሰው ግን ቤተ ሰቡ የሚያድርበትን ቤት ወይም ንብረቱ የሚከማችበትን መጋዘን በሚከራይበት ጊዜ የበሩን ቍልፍና የጣራውን ቆርቆሮ ካየ በኋላ፣ በግድግዳውና በኮርኒሱ ውስጥ ስለ ተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ አንዲት ቃል ሳይጠይቅ ይገባበታል። ከውጭ ለሚመጣው ሌባ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ከውስጥ ለሚነሣው እሳት ግን ምንም ጠባቂ አላቆመለትም።

ኤሌክትሪክ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የቆቃ የኃይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የሚመነጨው ኃይል እንዲህ እየበዛ ሲሄድ በየቤቱ ያለው ሽቦ ግን አብሮ አላደገም። ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ሽቦ የተሳበላቸው ለሁለት ለሦስት አምፖልና ለአንድ ራዲዮ ነበር። ዛሬ በዚያው ሽቦ ላይ የእንጀራ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ማሞቂያ ተጭነውበታል። አንድ አህያ የሚችለውን ጭነት የሚያውቅ ነጋዴ፣ አንድ ሽቦ የሚችለውን ጭነት ደግሞ ማወቅ ይገባዋል።

ሒሳቡም የሚያስቸግር አይደለም። በኢትዮጵያ ለየቤቱ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቢካፈል ወደ 16 አምፔር ይደርሳል። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የሚፈጅ ምድጃ ቢጨመርበት ድምሩ 25 አምፔር ይሆናል። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ግን በደኅና የሚሸከመው 20 አምፔር ያህል ነው፤ ለመብራት የሚሳበው ባለ 1.5 ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ሽቦውን የሚያለብሰው የተለመደው ፕላስቲክ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሆነ የዘወትር ሙቀት የተሠራ ስላልሆነ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም መዳቡን ራቁቱን ይተወዋል።

ይሁን እንጂ የተጎዳ ሽቦ ሳያስጠነቅቅ የሚያቃጥልበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን ለማወቅም የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆን አያሻም፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጆሮና እጅ ያለው ሁሉ ሊያውቀው ይችላል።

የመጀመሪያው ምልክት ሙቀት ነው። ምጣዱ ሲነቀል ስፒናው ወይም ሶኬቱ እጅን የሚያሞቅ ከሆነ፣ በውስጡ የላላ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። ግማሽ ኦም ብቻ የሚከለክል አንድ የላላ ብሎን 16 አምፔር ሲያልፍበት 128 ዋት ሙቀት ያወጣል። ይህም አንድ ትልቅ የቀድሞ አምፖል በክብሪት ቀፎ ውስጥ ታፍኖ እንደሚበራ ያህል ነው። ሁለተኛው ምልክት መልክ ነው፤ የሶኬቱ ወይም የማብሪያው ፊት ቡናማ ሆኖ ከጠቆረ ወይም ከተጣመመ፣ ሙቀቱ ዛሬ የጀመረ እንዳልሆነ ያመለክታል። ሦስተኛው ሽታ ነው፤ ምንጩ የማይታወቅ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ አንዳንድ ጊዜም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ፣ ቸል ሊባል አይገባም። አራተኛው ድምፅ ነው፤ ሶኬት ወይም የብሬከር ሣጥን እንደ ንብ የሚያንዛዛ ወይም ጣጣ የሚል ከሆነ ኤሌክትሪኩ በክፍተት ላይ እየዘለለ ነው።

አምስተኛው የመብራት መወላገድ ነው፤ በዚህ ላይ ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። መብራቱ ሲደበዝዝ አስቀድሞ ጎረቤትን መጠየቅ ነው። የሰፈሩ ሁሉ ከደበዘዘ ነገሩ ከመንገዱ መስመር ነው፤ የአንዱ ቤት ብቻ ከደበዘዘ ግን ሕመሙ ወደዚያ ቤት በሚገባው ሽቦ ወይም በቤቱ ውስጥ ነው። በባለ ሦስት ፌዝ ቤት አንዱ ክፍል ከልክ በላይ ሲደምቅ ሌላው ከደበዘዘ፣ የመመለሻው ሽቦ ተበጥሶ ወይም ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ያለ መዘግየት ዋናውን ማጥፊያ መዝጋት ይገባል። ስድስተኛው ምልክት ብሬከሩ ደጋግሞ መውደቁ ነው። ብሬከር የሚወድቀው ሰውን ለማስቸገር አይደለም፤ መልእክት ለማድረስ ነው። በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚወድቅ ከሆነም ጣራው አፍስሶ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን መጋጠሚያ አርሶት እንደሆነ መጠርጠር ነው። በዚያው በኮርኒሱ ላይ አይጥ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ የሽቦው ልባስ በጥርሷ እንዳልተረፈ መገመት ይቻላል።

ሰባተኛውና ከሁሉ የሚያስፈራው ምልክት ንዝረት ነው። ይህን ምልክት ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጌታ አስቀድማ የምታገኘው እንጀራ የምትጋግረው ሴት ናት። እጇ በሊጥ እንደ ራሰ የምጣዱን ብረት ስትነካ ትነዘራለች፤ ሄዳም «ጌታዬ፣ ምጣዱ ነዘረኝ» ብላ ትናገራለች። የሚሰጣት መልስ በብዙ ቤት አንድ ነው፦ «ጫማሽን አድርገሽ ጋግሪ።» እንዲህ ያለው መልስ ሕመሙን ሳያድን በሽተኛዋን ዝም የሚያሰኝ ነው። ምጣዱ የሚነዝረው በውስጡ ያለው ሽቦ ከብረቱ ጋር ስለ ተገናኘና ያን ኤሌክትሪክ ወደ ምድር የሚወስድ የመሬት ሽቦ ስለሌለ ነው። ስፒናው የመሬት መገናኛ ቢኖረውም እንኳ፣ በግድግዳው ሶኬት ውስጥ የመሬት ሽቦ ካልተሳበ እንደሌለ ይቈጠራል።

ብሬከር አለ ብሎ መመካትም አይበቃም። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ባለ 20 አምፔር ብሬከር 20 አምፔር እስኪያልፍ ድረስ ዝም ይላል፤ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛው ይበቃል። ሰውን የሚጠብቀው ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ሲያፈተልክ ዐውቆ በ30 ሚሊ አምፔር መስመሩን የሚቈርጠው ሌላ መሣሪያ ነው። እርሱን ማስገባት ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ ሰው ነፍስ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ስለዚህ ጋጋሪዋ «ነዘረኝ» ስትል፣ ምጣዱ በዚያው ሰዓት ከሶኬቱ መለየት አለበት፤ ባለሙያ አይቶት እስኪጠገን ድረስም እንጀራው ከሌላ ቤት ይገዛ።

ምልክቱን ካዩ በኋላ የሚደረገው የተሳሳተ ሕክምናም ከሕመሙ የማያንስ ጉዳት ያመጣል። አንዳንዱ በተቃጠለው ፊውዝ ፈንታ የመዳብ ሽቦ ይጠመዝዛል፤ አንዳንዱ የሚወድቀውን ባለ 16 ብሬከር አውጥቶ ባለ 40 ያስገባል። ይህ ውሻው ስለ ጮኸ አፉን አስሮ መተኛት ነው። የተቈረጠውንም ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀልላል፤ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ ሰክቶ ከምንጣፍ በታች ያሳልፈዋል። ለጥቂት ብር ሲባል የሚደረገው ይህ ሁሉ፣ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው።

የማን ኃላፊነት ነው የሚለው ክርክር ደግሞ በአከራይና በተከራይ መካከል ዘወትር ይነሣል። አከራዩ «የጫንክበት አንተ ነህ» ይላል፤ ተከራዩ «ቤቱ ያንተ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ወደ መብራት ኃይል ጣታቸውን ይቀስራሉ። ነገር ግን ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የቤቱ ነው። ፍርዱም ቀላል ይመስላል፦ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ማስመርመርና ማደስ የአከራዩ ድርሻ ነው፤ በሶኬቱ ላይ የሚሰካውን መመጠንና ያየውን ምልክት ወዲያው ማስታወቅ የተከራዩ ድርሻ ነው። ይህ በኪራይ ውል ላይ በአንድ አንቀጽ ቢጻፍና ቍልፍ ከመረከብ በፊት መስመሩን ባለሙያ ቢያየው፣ ከክርክርም ከኪሳራም ያድናል።

ሽቦና ሶኬት የሚነግዱ ሰዎችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። 2.5 ተብሎ የተጻፈበት ሽቦ ሲለካ ከዚያ የቀጠነ ከሆነ፣ ወይም መዳብ ተብሎ የተሸጠው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ይህ ሚዛን ከማጉደል የከፋ በደል ነው። ሚዛን የጎደለበት ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ ሽቦ የቀጠነበት ሰው ግን ቤቱን ሊያጣ ይችላል። በሱቅና በመጋዘን የተያያዘ ሰፈር ውስጥ ደግሞ እሳት የሻጩን ሱቅ ከገዢው ሱቅ አይለይም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሳይደረግ ቀርቶ እሳት ቢነሣ፣ አስቀድሞ ዋናውን ማጥፊያ መዝጋት፣ ኤሌክትሪኩ መቋረጡ ሳይረጋገጥም ውሃ አለመርጨት ያስፈልጋል፤ ውሃው ኤሌክትሪኩን ወደሚረጨው ሰው ያመጣዋልና። ደረቅ ዱቄት ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ማጥፊያ በቅርብ ቢኖር መልካም ነው። እሳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ግን ዕቃ ለማውጣት ሳይባል ሰውን ማስወጣት ይቀድማል፤ በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በስልክ ቍጥር 939 ይጠራሉ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ኤሌክትሪክ ሳይታወቅ በፊት ነው፤ ምክሩ ግን ለዚህ ዘመን ቤት የተነገረ ይመስላል። በዓመት አንድ ቀን ሒሳቡን መርምሮ መዝገቡን የሚዘጋ ነጋዴ፣ ከዚያው ቀን ላይ ጥቂት ሰዓት ቀንሶ ሶኬቱን በእጁ ቢዳስስ፣ የብሬከሩን ሣጥን በጆሮው ቢያዳምጥ፣ የጋጋሪዋንም ቃል ሳይንቅ ቢሰማ፣ በዚያ ዓመት ከሠራው ሥራ ሁሉ ትርፋማው ይህ ሊሆን ይችላል።