መኪናን ከፍ ማድረግና የጎማን መፈናፈኛ ማስፋት ለየቅል ናቸው



የመራዊና የአካባቢዋ ንግድ በመኪና መንገድ ላይ የቆመ መሆኑ የታወቀ ነው። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ከታቀደው ከቆጋ መስኖ የሚገኘው ድንችና ሽንኩርት፣ እንዲሁም በቆሎውና የባሕር ዛፉ እንጨት፣ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አስፋልት ከመድረሱ በፊት የገጠሩን የጠጠርና የጭቃ መንገድ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ፒክአፕ ያለው ነጋዴ የመኪናው ሆድ ድንጋይ እንዳይነካበት ከፍ ሊያደርገው ቢመኝ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው፣ በከፍታው ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ሳይጠይቅ ገንዘቡን መክፈሉ ነው።

በመኪናው አካልና በመንኰራኵሩ መካከል ሞላ ወይም ባሊስትራ አለ፤ ከእርሱም ጋር የሞላውን መወዛወዝ የሚገታ አሞርዛቶሪ፣ በተለምዶ ሾክ የሚባለው፣ ተገጥሟል። ጎማው ድንጋይ ሲወጣ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ይዘረጋል። ይህ መፈናፈኛ በፋብሪካው ተለክቶ የተወሰነ ነው። ኮርቻን ከፍ አድርጎ መጫን የበቅሎዋን እግር እንደማያስረዝም ሁሉ፣ አካሉን ማንሳትም የጎማውን መፈናፈኛ አያሰፋም።

ለምሳሌ ያህል፣ የፊት ጎማ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይሄዳል እንበል። መካኒኩ በቀድሞዎቹ ሃይሉክሶች ላይ የሚገኘውን ቶርሽን ባር አጥብቆ አካሉን 5 ሳንቲ ሜትር ቢያነሳው፣ ወደ ታች የሚቀረው 5 ብቻ ነው፤ ድምሩ ያው 20 ነው። እንዲህ ያለው መኪና ጉድጓድ ሲገጥመው ጎማው ቶሎ ተዘርግቶ ያልቅና መሬት ለቆ ይንጠለጠላል። መሬት ያልያዘ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በመጡት ባለ ጥቅል ሞላ ሃይሉክሶች ላይ ቀለበት ብረት ጨምሮ ማንሳትም መዘዝ አለው፤ ለፊት ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ከልኩ በላይ ይጎብጣል፣ የመገጣጠሚያው ላስቲክ ይቀደዳል፣ ቅባቱ ፈስሶ አቧራ ይገባበታል።

በስተኋላ የተለመደው ባሊስትራ መደራረብ ነው። ይህም ባዶውን መኪና ያዘልለዋል እንጂ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ድንጋይ የሚነካውን የኋላውን ዲፈረንሻል አንዲት ጣት እንኳ ከመሬት አያርቀውም፤ እርሱን የሚያነሳው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነውና። ሻንሲውና አክሱ እንዲሸከሙ የተወሰነላቸው ክብደትም በባሊስትራ ብዛት አይጨምርም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የፍሬኑ ነገር ነው። በብዙ ፒክአፖች ላይ በአካሉና በኋላው አክስ መካከል ያለውን ርቀት እየለካ ለኋላ ጎማዎች የሚደርሰውን የፍሬን ኃይል የሚመጥን ቫልቭ አለ። አካሉ ከፍ ካለና በጠንካራ ባሊስትራ ምክንያት በጭነት ጊዜም ዝቅ ካላለ፣ ቫልቩ መኪናው ባዶ የሆነ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይቀንሰዋል። ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረዱን ላሰበ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። በመኪናው ውስጥ ያለው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሾፌርና ረዳት፣ የሰው ልጆች ናቸው።

«ከፍ ካላደረግን በክረምት መንገዱን እንዴት እንወጣዋለን?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄአቸውም ተገቢ ነው። መልሱ፣ ከፍታው በመጠን ይሁን፤ ሾኩም ለከፍታው በሚስማማ ርዝመት ይለወጥ የሚል ነው። ይህ አስቀድሞ ዋጋው ይበዛል። ነገር ግን የንግድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ የወጪ መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝና፣ በርካሽ የተነሳ መኪና ምን እንደሚያስከትል በቍጥር አየዋለሁ። አንድ ጋራዥ የቤታችንን ፒክአፕ ካነሳው በኋላ በመዝገቡ ላይ ተከታትለው የሰፈሩት ሾክ፣ ቀጥሎም የፍሬን ቱቦ፣ ቀጥሎም በአንድ ወገን የተበላ ጎማ ናቸው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል።

ስለ ሆነም ምክር ቤታችን አባሎቹ ለጋራዥ የሚያቀርቡት አንድ ገጽ ቅጽ እንዲያዘጋጅ ሐሳብ አቀርባለሁ። በቅጹ ላይም፦ አካሉ በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ሲንጠለጠል ሾኩ ገደቡ ላይ ደርሶ አለመወጠሩ፤ የፍሬን ቱቦው መትረፉ፤ የፍሬኑ ቫልቭ እንደገና መስተካከሉ፤ የጎማዎቹ አቋም መለካቱና የፊት መብራቱ ዝቅ መደረጉ ተጽፎ መካኒኩ ይፈርምበት። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ መፈረም አይፈራም፤ የማይፈርመውንም በጊዜ ማወቅ ይጠቅማል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ጥያቄው መኪናው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት እንዲቀርብ ለነጋድያን ወንድሞቼና እኅቶቼ በአክብሮት አሳስባለሁ።