«ዋለ» እና «ዋሉ»፦ ዜናችን ማንን አንተ፣ ማንን አንቱ ይላል?

እስቲ እነዚህን ሁለት ርዕሶች ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧቸው።

«የቀድሞ የቢሮ ኃላፊ በሙስና ተጠርጥረው በቁጥጥር ስር ዋሉ»

«ሞባይል የሰረቀው ግለሰብ በቁጥጥር ስር ዋለ»

ርዕሶቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ የጻፍኳቸው። ዓይነታቸውን ግን በየቀኑ ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ። ሁለቱም ሰዎች ገና መያዛቸው ነው። ሁለቱም ላይ ፍርድ ቤት ምንም አላለም። አንዱ ግን «ተጠርጥረው» ነው፣ ሌላው «የሰረቀው» ነው። አንዱ «ዋሉ»፣ ሌላው «ዋለ»። የመጀመሪያው የተጠረጠረበት ሚሊዮን ብር፣ የሁለተኛው አንድ ስልክ ሊሆን ይችላል። አንቱታው የደረሰው ግን ለባለ ሚሊዮኑ ነው።

ይሄን ነገር በራሴ ብልህነት አይደለም ያስተዋልኩት። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አጭር ዜና ጻፍኩ። «ከሚጠብቀው መጋዘን ዕቃ አውጥቶ ሲሸጥ ተያዘ» የሚል ነበር። ከደረሰኝ መግለጫ ላይ ቃል በቃል ገልብጬ፣ ስማቸውንም ሳልቀንስ ለጠፍኩት። ከቀናት በኋላ የሰውየው ልጅ ስልኬን አፈላልጋ ደወለች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

«አባቴ 58 ዓመታቸው ነው» አለችኝ። «ሰረቁ፣ አልሰረቁም፣ እሱን ፍርድ ቤት ይናገር። እኔ ግን በሕይወቴ አንተ ብያቸው አላውቅም። አንተ ስንት ዓመትህ ነው?»

24 አልኳት። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ሰውየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ክስ ሳይመሠረትባቸው ተለቀቁ። መያዛቸውን የነገረኝ መግለጫ ነበር። መለቀቃቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ናት። ለተለቀቀ ሰው መግለጫ የሚያወጣ የለም።

አማርኛ መሸሻ አይሰጥም

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ቋንቋው ራሱ ነው። በአማርኛ ስለ ሰው ስትጽፍ ግሱ ያስገድድሃል። መጣ፣ መጣች፣ መጡ። ከሦስቱ አንዱን ሳትመርጥ ዓረፍተ ነገሩ አይዘጋም። ስሙን ብትደብቅ፣ ማዕረጉን ብትተው፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ለሰውየው ያለህን ግምት ታወጣዋለች። በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ኦሮምኛ «አቲ» እና «ኢሲን» ይላል፣ ትግርኛም ንስኻን ከንስኹም ይለያል። ግዕዝ ግን ይሄ ጣጣ የለበትም፤ ንጉሡም ሎሌውም «አንተ» ናቸው። ፈጣሪንም እስከ ዛሬ በአማርኛ ስንለምን አንተ እንለዋለን፤ አንቱ ብሎ የሚጸልይ ሰው አልሰማሁም።

ስለዚህ አንተ ወይም አንቺ ማለት በራሱ ስድብ አይደለም። እንደውም ብዙ ጊዜ ፍቅር ነው። በ1984 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ «አሸነፈች» እንጂ «አሸነፉ» ያለ የለም። ጥላሁን ገሠሠም «ዘፈነ» ነው። የራሳችን ስላደረግናቸው ነው አንቱታውን ያነሳነው። ጓደኛም ከጓደኛ፣ እናትም ከልጇ በአንተና በአንቺ ነው የሚኗኗሩት።

የዜናው «ዋለ» ግን ከዚህ ቤት አልመጣም። ያንን ጥበቃ የራሴ ስላደረግኳቸው አይደለም «ተያዘ» ያልኳቸው። እኚሁ ሰው ከመያዛቸው አንድ ቀን በፊት ስለ ዘይት ዋጋ ጠይቄያቸው ቢሆን «የጥበቃ ሠራተኛው አባት ተናገሩ» ብዬ እጽፍ ነበር። ዕድሜያቸው ያስከብራቸው ነበር። ድሃ ሰው በእኛ ዜና ውስጥ በዕድሜው ይከበራል፣ ፖሊስ እስኪይዘው ድረስ ብቻ። ባለሥልጣኑን ግን ከተያዘም በኋላ አንቱታው እስከ ማረፊያ ቤት ይሸኘዋል።

ላይ ላዩ ይቀያየራል፣ ታቹ ያው ነው

ይሄ አገር መጠሪያ በመቀየር አይታማም። በንጉሡ ዘመን ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች እያለ የሚወርድ መሰላል ነበር። ደርግ መጣና «ጓድ» አለ። ሐሳቡ ሁሉም እኩል ይሁን ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን «ጓድ ሊቀመንበር» የሚባል አንድ ሰው ከጓዶች ሁሉ በላይ ተቀመጠ። ከ1983 በኋላ «አቶ» ወደ ቦታው ተመለሰ። መለስ ዜናዊ በ2004 እስኪሞቱ ድረስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው «አቶ መለስ» ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ዘመኑ የ«ክቡር» ነው። በ2011 ሳህለወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ «ክብርት» የሚለው ቃል ጆሯችን ውስጥ ገባ። አሁን ስብሰባ ላይ ክቡርና ክብርት ሳይባል ማይክ አይያዝም።

ይሄ ሁሉ የተቀያየረው ግን ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። የቀን ሠራተኛው፣ ጥበቃው፣ ሊስትሮው በወንጀል ዜና ላይ ስሙ ያው አንድ ነው፦ «ግለሰቡ»።

የሚገርመው ሕጉ እንዲህ አያደርግም። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ገልጣችሁ እዩ። «ማንም ሰው» ብሎ ይጀምርና «ይቀጣል» ብሎ ይጨርሳል። ለሚኒስትሩም «ይቀጣል»፣ ለኪስ አውላቂውም «ይቀጣል»። ሕጉ ሁሉንም እኩል አንተ ብሏል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ ላለመቆጠር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 25 ደግሞ ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ክስ ላይ የደረሰ ሰው ይሄ መብት ካለው፣ ገና የተጠረጠረው ማጣት የለበትም። «ዋለ» እና «ዋሉ» እያልን ሰውን የምንከፍለው እኛ ነን።

ለምን እንዲህ እናደርጋለን?

የራሴን ልናገር። አንደኛ፣ እንገለብጣለን። መግለጫው «ዋለ» ካለ እኛም «ዋለ» ነን። ቶሎ መለጠፍ አለብን፣ ሌላው ገጽ ሊቀድመን ነው፣ በቃ።

ሁለተኛ፣ ፍርሃት ነው። የታሰረ ባለሥልጣን ነገ ሊፈታ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሊሾም ይችላል። ጠበቃ አለው፣ ወዳጅ አለው። ጥበቃው ያለችው ስልክ አፈላልጋ የምትደውል ልጅ ብቻ ናት።

ሦስተኛ፣ አንባቢ አለ። ሌባ የተባለን ሰው «እሳቸው» ብላችሁ ጻፉና የሚደርስባችሁን እዩ። «ለሌባ አንቱ!» ተብሎ መከራችሁን ታያላችሁ።

ይሄ ሦስተኛው ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሕፃን ደፍሯል ተብሎ የተያዘን ሰው «እሳቸው» በል ብባል እጄ አይታዘዘኝም። አንባቢም ቢቆጣ አልፈርድበትም። ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። አንዱ ወንጀሉ ነው፤ ወንጀሉን የፈለገውን ያህል ብንጠላው ልክ ነን። ሌላው የተያዘው ሰው ነው፤ እሱ መሆኑን ገና አናውቅም። ቁጣችን ወንጀሉ ላይ ማረፍ ሲገባው በግሱ በኩል ሾልኮ ሰውየው ላይ ያርፋል። ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ያቺን ፊደል የሚመልስለት የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ከዚያ ስልክ በኋላ እኔ የምሠራባቸውን ሦስት ነገሮች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የዜናውን ባለቤት ፖሊስ ማድረግ። «ግለሰቡ በቁጥጥር ስር ዋለ» ከማለት «ፖሊስ በስርቆት የተጠረጠረ አንድ ሰው መያዙን አስታወቀ» ማለት ይቻላል። ግሱ የፖሊስ ነው። «የተጠረጠረ አንድ ሰው» የሚለውም የሕጉ «ማንም ሰው» ዓይነት ነው፤ ባለሥልጣን ሲያዝም «በሙስና የተጠረጠረ አንድ የቢሮ ኃላፊ» እላለሁ። ከባዱን ጉዳይም በዚሁ መንገድ ጽፌዋለሁ፤ እጄ ይታዘዘኛል።

ሁለተኛ፣ ዜናው ሲረዝምና መምረጥ ግድ ሲሆን ሚዛኑ አንድ ይሁን። ለአካለ መጠን የደረሰ ተጠርጣሪ ሁሉ እስኪፈረድ ድረስ ወይ ሁሉም «ዋሉ»፣ ወይ ሁሉም «ዋለ»። እኔ «ዋሉ»ን መርጫለሁ። ሌላው ገጽ «ዋለ»ን ቢመርጥ አልጣላውም፣ የቀድሞውን ቢሮ ኃላፊም ጨምሮ «ዋለ» እስካለ ድረስ። ዋናው እኩል መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፣ «ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃል ጽፎ ቀጥሎ «ሰረቀ»፣ «ገደለ»፣ «አታለለ» አለማለት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠርጥረን በሁለተኛው ፈርደን ነው የምናልፈው። ይሄ ከአንቱታው በላይ ጉዳት አለው፤ አንተ ያልነውን ሰው ላይ ደግሞ መፍረድ ይቀላል። ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

አንቱታ የቤት ውስጥ ወግ ብቻ ይመስለን ይሆናል። አያታችን ፊት እግር አለማንሳት፣ እንግዳ ሲመጣ ብድግ ማለት። ግን በሺህ ሰው ፊት የሚነበብ ጽሑፍ ላይ ሲሆን ማን ሰው እንደሆነ፣ ማን «ግለሰብ» እንደሆነ መመደቢያ ነው።

ያንን የጥበቃ ዜና አላጠፋሁትም። ማጥፋት ቀላል ነበር። ስማቸውን አወጣሁ፣ «ሲሸጥ ተያዘ» የሚለውን «በስርቆት ተጠርጥረው ተይዘው ነበር» ብዬ አረምኩ፣ ከሥሩ ደግሞ ክስ ሳይመሠረትባቸው መለቀቃቸውን ጨመርኩ። ለልጃቸው ደውዬ ነገርኳት። «እሺ፣ አነብላቸዋለሁ» አለችኝ። ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅኩት ያኔ ነው። የመጀመሪያውንም ጮክ ብሎ ያነበበላቸው ሰው ነበር ማለት ነው።