ለልምምድ የሚሆን ማጉያ

መቼም ቤዝ ጊታር ያለማጉያ ድምፁ ከጣት እንደማያልፍ የታወቀ ነው። ታዲያ ብዙ ወጣቶች ማጉያ ለመግዛት ሱቅ ሲገቡ አስቀድመው የሚጠይቁት የዋቱን ብዛት ነው። ነገር ግን ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ 10 ጊዜ ያህል መጨመር አለበት። ስለዚህ በ20 እና በ40 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ለጆሮ ጥቂት ነው፤ ለኪስ ግን ጥቂት ላይሆን ይችላል።

ይልቅስ ስፒከሩ ይመርመር። የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይጫኑት ሲመታ በሴኰንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ለተራ ጊታር የተሠራ ስፒከር ይህን ድምፅ በኃይል ሲያጫውቱበት ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለቤዝ የተሠራውን፣ 8 ወይም 10 ኢንች ስፒከር ያለውን መምረጥ ይበጃል።

ከሁሉም በላይ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ይኑረው። ተማሪውም ሠራተኛውም ጊዜ የሚያገኘው ማታ ነው፤ የቤዝን ድምፅ ደግሞ ግድግዳ አያግደውም። የጎረቤት እንቅልፍ ሊከበር ይገባል።

የልምምድ ማጉያ ተግባሩ የጣታችንን ስሕተት ለራሳችን አጥርቶ ማሰማት ነው። ከዋጋው የተረፈው ገንዘብ ለአስተማሪ ይከፈል፤ ጩኸቱ ለመድረክ ይቆየን።