በአዲስ ላፕቶፕ ላይ የራስን ሊኑክስ መጫን
ላፕቶፑ ኡቡንቱ ተጭኖበት ቢመጣም፣ ባለቤቱ ሌላ ሊኑክስ ሊጭንበት ሲነሳ “የሚሠራውን ለምን ትነካካዋለህ?” የሚለው ምክር አይዋጥልኝም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ዛሬ በብዙ ዓይነት ሲስተም ተጠቅልሎ የሚቀርበው ሰው እንደ ሥራው እንዲመርጥ ነው። ምርጫው ግን የመልክ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ አዲስ ማሽን ላይ ዋናው ጥያቄ የከርነሉ ዕድሜ ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ደቢያን የተረጋጋ የሚባለው አንድ ዕትም ከወጣ በኋላ እስከ ቀጣዩ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ትልልቅ ለውጥ ስለማያስገባ ነው። ይህ ለሰርቨር ትልቅ ጸጋ ነው፤ በቅርቡ የተመረተ የዋይፋይ ካርድን ግን የቆየው ከርነል ላያውቀው ይችላል። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ዕትም ስለሚያወጣ፣ ከርነሉንም በመሃል ስለሚያድስ፣ ለአዲስ ላፕቶፕ እኔ እሱን አስቀድማለሁ። (ደቢያንም በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው 12ኛ ዕትሙ ጀምሮ ነፃ ያልሆኑ ፈርምዌሮችን ከመጫኛው ጋር ማቅረቡ የሚመሰገን ውሳኔ ነው።) የትኛውም ይመረጥ፣ መጀመሪያ ከፍላሽ አስነስቶ መሞከር ያስፈልጋል። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁ ይሰማል? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ማሽኑ ይነቃል? አማርኛ መጻፍ ይቻላል? ይህ ሁሉ ዲስኩ ሳይነካ ይታወቃል። ከዚያ ፋይልን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሲጫንም ዲስኩን በይለፍ ቃል መቆለፍ የሚለውን ምርጫ ማለፍ አይገባም፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ይህንን ቁልፍ በኋላ ልጨምር ያለ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙን እንደገና መጫን ይኖርበታል።