ድመቷን ከመቅጣታችሁ በፊት

ድመት ሶፋ ወይም ፍራሽ ላይ ስትሸና ብዙ ሰው «እልክ ይዟት ነው» ይላል። ከዚያ አፍንጫዋን እርጥቡ ላይ ማሸት፣ በመጥረጊያ ማባረር፣ ሲብስም በጆንያ አድርጎ ራቅ ያለ ሰፈር መጣል ይከተላል። ይህ ፍርድ ያስቆጣኛል። ድመት ሰውን ለመበቀል ብላ አትሸናም። የተቀጣች ድመት የምትማረው ባለቤቷን መፍራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከአልጋ ሥር ተደብቃ ትሸናለች።

መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጤናዋ ነው። ፊኛዋ የታመመ ድመት ስትሸና ያቃጥላታል፤ ሕመሙን ያመጣባት መጸዳጃ ሳጥኗ ስለሚመስላት ትሸሸዋለች። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ውኃ አብዝታ ስለምትጠጣ ሽንቷም ይበዛል። መገጣጠሚያዋን የሚያማት አሮጊት ድመት ደግሞ ከፍ ያለ ጠርዝ መሻገር ያቅታታል።

የወንዱ ነገር ግን ፋታ አይሰጥም። የጎረቤቴ ድመት አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲያምጥ አይቻለሁ። ሆዱ ይኮማተራል፣ ጅራቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲነሳ አሸዋው ደረቅ ነው። ብልቱን ይልስና ተመልሶ ያምጣል። ቤተሰቡ ድርቀት መስሏቸው ነበር። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ በጣም ቀጭን ስለሆነ በጥቃቅን ጠጠርና በዝልግልግ ነገር ይደፈናል። ሽንት መውጫ ሲያጣ ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀምና ልብን ያውካል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ሊገድል ይችላል። ያ ድመት በዚያው ምሽት ሐኪም ዘንድ ደርሶ ሽንቱ በቱቦ ስለወጣለት ተረፈ። እያማጠ ሽንት ያጣ ድመት ካያችሁ እስኪነጋ ብላችሁ አትጠብቁ።

ሐኪሙ ጤነኛ ናት ካለ ሳጥኑን እንይ። የቤት ድመት የመጣችው ዛሬም በአገራችን ከሚገኘው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ልል አፈር ቆፍሮ መሸፈን ከተፈጥሮዋ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ኤድ ሎው የተባለ ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. የሸክላ አፈር ፍርፋሪን ለዚህ ሥራ እስኪያውል ድረስ ብዙዎች የሚጠቀሙት አሸዋና አመድ ነበር። ስለዚህ በሳፋ አሸዋ ማቅረብ የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ሳይዛቅ መሰንበቱ ነው። በየቀኑ ይዛቅ። ሳፋው እንደልብ የምትዞርበት ሰፊ ይሁን፣ ሽቶም አይጨመርበት። የኮንዶሚኒየም ቤት ስለሚጠብ ብዙዎች ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ያኖሩታል፤ ማሽኑ ድንገት ሲጮህ የደነገጠች ድመት ግን ወደዚያ መመለስ ትፈራለች። ሁለት ድመት ያለው ሰው ሦስት ሳፋ በተለያየ ቦታ እንዲያስቀምጥ ይመከራል፤ አንዷ ሌላዋን በር ላይ ቆማ ልትከለክላት ትችላለችና።

ቆማ፣ ጅራቷን አቁማ ግድግዳ ላይ የምትረጭ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ክልሏን ምልክት ማድረጓ ነው። ይህ ባልተኮላሹ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ሲኮላሹ አብዛኞቹ ይተዉታል።

የሸናችበትን ቦታ በረኪና ብቻ አፍስሶ መተው አይበቃም፤ ለእኛ የጠፋው ሽታ ለእሷ አለ። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ ካልተገኘ በውኃ የቀጠነ አቼቶ ይረዳል፤ ከበረኪና ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። አሁንም እዚያው ከተመለሰች ሳፋውን እዚያው አስቀምጡላት። መጠቀም ስትጀምር በየቀኑ አንድ ስንዝር ያህል እያራቃችሁ ወደምትፈልጉት ጥግ ውሰዱት።