ከከንቲባ ወንበር ወደ መንግሥት ሸንጎ

በ1911 ዓ.ም በደጃዝማች ናደው መሪነት ወደ አሜሪካ በተላከው የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ልዑክ ውስጥ ሁለት ከንቲባዎች ነበሩ፦ አንደኛው በኢየሩሳሌምና በስዊስ ሀገር ተምረው በጎንደር የተሾሙት ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ ሁለተኛውም ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው የአዲስ አበባን ከተማ ያስተዳደሩት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ። ገብሩ ኋላ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት በቆመው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቀመጡ፤ ኅሩይም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የገብሩን የከንቲባነት ስም ግን ከፍ ያለው ማዕርግ አላስረሳውም፤ ይህም በእኔ ዓይን ለከንቲባነት ታላቅ ክብር ነው።

ይህ ክብር ግን የሚጸናው በሥራ ነው፤ ዛሬ በመቐለ፣ በዓዲ ሓቂ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ከንቲባውን የሚመዝነው በንግግሩ ሳይሆን፣ ቧንቧው ደርቆ በሰነበተበት ቤቱ ውኃ በመምጣቱና ባለመምጣቱ ነው። የከተማይቱ ከንቲባነት በ2017 ዓ.ም በሁለት ወገኖች መካከል ጽኑ ክርክር ባስነሣ ጊዜ፣ ስለ ሹመቱ ባለቤትነት ብዙ ሲባል ስለ ተልእኮው እጅግ ጥቂት መነገሩ ልቤን አሳዝኖታል።

እንደ ገብሩና እንደ ኅሩይ ከተማን ያስተዳደረ ሰው ወደ ሀገር አመራር መውጣቱን አልቃወምም፤ እንዲያውም የሕዝብን ችግር በቅርብ ያየ ሰው ለሚኒስትርነት ከማንም ይልቅ የተገባ ነው። ነገር ግን ፓርቲው አንሥቶ ወደ አዲስ አበባ ከመውሰዱ አስቀድሞ፣ ከንቲባው በከተማው ምክር ቤት ፊት ቆሞ፣ የተቀበለውን በጀትና የፈጸመውን ሥራ በነዋሪው ጆሮ ይናገር፣ ይጠየቅም።