ብጣሽ ጨርቅ ለብርድ ሌሊት

በዚህ ወር የምንነጋገረው ብጣሽ ጨርቅ ገጣጥመን፣ በመሐሉ ባዘቶ አድርገን፣ ቤታችን ባለው የስፌት መኪና ስለምንሰፋው ብርድ ልብስ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ዋጋውን ያወቅነው ግን በችግር ቀን ነበር።

በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ይዘን፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥተን ደባርቅ ገባን። የእኛ አገር ሞቃት ነው፤ ነጠላ ደርቦ ማደር የለመደ ሰው የደባርቅን የሐምሌ ሌሊት አይችለውም። እህል ከዚህም ከዚያም ይገኝ ነበር፤ የጠፋው የሌሊት ልብስ ነው። ባረፍንበት ቤት ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ሲንጀር ተሸፍኖ ቆሟል። የቤቱ አባት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ካረፉ ወዲህ የነካው የለም። አብረውን የተሰደዱ አንዲት እናት ግን ከገበያ ልብስ ሰፊዎች እግር ሥር የወደቀውን ብጣሽ በማዳበሪያ ሞልተው መጡ።

«እማማ፣ ይህ ምን ይሠራልዎታል?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ይህ እኮ ሌሊት ነው» አሉን።

በሳምንቱ አራት ሕፃናት ከአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተኙ።

የስፌት ሙያ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1668 (እ.ኤ.አ) በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ርስት መሬት የተነፈጉ አያቶቻችን በንግድ፣ በሽመናና በልብስ ስፌት ኖሩ። የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን የታወጀው ገና የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ የብዙ ቤት እርሻው መርፌና ሸማ ነበር። በሌላውም ዓለም ችግር ያስተማረው ሙያ ነው፤ የቤንጋል እናቶች ያረጀ ልብሳቸውን ደራርበው «ካንታ» የሚባል ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። በአሜሪካ አላባማ ጊዝ ቤንድ በምትባል መንደር የባሪያ ልጅ ልጆች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፉት ብርድ ልብስም በ2002 (እ.ኤ.አ) በሂዩስተን ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለጀማሪ የሚበጀው የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። በመጀመሪያ ጨርቁን ሁሉ እጠቡ። አቡጀዲ በውኃ ይሰበሰባል፤ ቀይ ጨርቅም ቀለም ይለቃልና። ከዚያ በካርቶን ልክ አውጥታችሁ 17 ሳንቲ ሜትር በ17 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 48 ቁራጮች ቁረጡ። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ስድስት ስድስቱን በተርታ ሰፍታችሁ ስምንቱን ተርታ ስታጋጥሙ 90 በ120 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። በየስፌቱ ካውያ አድርጉበት፤ ናይለን ያለበትን ጨርቅ ግን ካውያ ያቀልጠዋልና ለዩት።

ለገበሩ 100 በ130 ሳንቲ ሜትር አቡጀዲ ዘርጉ። በላዩ ፍሬው ወጥቶ በደጋን የተነደፈ ባዘቶ እኩል አድርጋችሁ አንጥፉ፤ ያረጀ ጋቢም ይሆናል። ከዚያ የተገጣጠመውን ጨርቅ ከገበሩ መሐል አልብሱ። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በየስንዝሩ በመርፌ ቁልፍ ያዙ፤ ከሌለ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ስፉ፤ ኋላ ይፈታል።

መኪናው ላይ ወፈር ያለ መርፌ፣ 90 ወይም 100 ቁጥር አድርጉ። የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግርም ትንሽ አላሉት። በትርፍ ጨርቅና ባዘቶ ላይ ሞክሩ። ክሩ ከታች ከተንጓለለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ክር አገባብ ነው፤ አውጥታችሁ እንደገና አስገቡት። ስፌቱን ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር ሂዱ። ከዳር የጀመረ ሰው ጨርቁ መሐል ላይ ይሰበሰብበታል። በየመጋጠሚያው ላይና በየቁራጩ መሐል ቀጥ ያለ መሥመር ስፉ፤ መሥመሩ ከተራራቀ ባዘቶው ሲታጠብ አንድ ቦታ ይቋጠራል። ጨርቁን አትጎትቱ፤ መኪናው ራሱ ይሳበው። የእጅ መኪና ከሆነ አንዱ እጅ ስለሚዘውር፣ ሌላ ሰው ጨርቁን ይደግፍላችሁ። በመጨረሻ ትርፉን ባዘቶ ቆርጣችሁ፣ የገበሩን ዳር ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አጥፋችሁ ጠርዙን ስፉ። ስታጥቡት አትጭመቁት፤ ፀሐይ ላይ አስጡት።

የመጀመሪያው መሥመር ይጣመማል። የእኛም ተጣሞ ነበር፤ የተኛበት ሕፃን ግን አልጠየቀንም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን በእጃቸው ይሰፉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ስለዚህ መርፌ የሴት ብቻ፣ የመኪና ስፌትም በረንዳ ላይ የሚቀመጠው ወንድ ብቻ ነው አንበል። ከደባርቅ ወደ ቤታችን ስንመለስ ያ የተሸፈነ ሲንጀር ከሐሳባችን አልወጣም። ባለቤቱ እያሉ ልጆቻቸው አልጠየቋቸውም፤ እርሳቸውም «ኑ፣ ተቀመጡ» አላሏቸውም። ሙያው ከእርሳቸው ጋር ወደ አፈር ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር። በየቤታችን ተሸፍኖ የቆመ መኪና ካለ፣ በዚህ ወር አንድ ጁምዓ ከሰዓት ገልጠነው ከልጆቻችን አንዱን፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከፊቱ እናስቀምጥ። አዛውንቶቻችን ገና በሕይወት ሳሉ እጃቸውን ይይዙላቸው። ኢንሻ አላህ ብርዱ ሲመጣ ሙያው ቀድሞት ይጠብቀዋል።